በብረቱ ሆድ ውስጥ ያለች ጠባሳ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ስርጉድ ነው። ስፋቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የምትገኘውም ከአንድ ሜትር ጥቂት በሚረዝም፣ ውስጡ ባዶ በሆነ የብረት ዕቃ ሆድ ውስጥ ነው። ብረቱ ኒዮቢየም፣ ዕቃው ካቪቲ ይባላል። ጤነኛ ካቪቲ በውስጡ የሚያልፈውን ኤሌክትሮን በየሜትሩ ከ30 ሚሊዮን ቮልት በላይ እየገፋ ይሸኘዋል። ያች ስርጉድ ያለችበት ካቪቲ ግን ገና 15 ወይም 20 ሚሊዮን ላይ ሲደርስ ይግልና ሥራውን ያቆማል። ባለሙያዎቹ ዕቃው እንደሚያቆም ያውቁ ነበር፤ በየትኛው ጎኑ እንደሚግልም ይለኩ ነበር፤ ምክንያቱን ግን በዓይናቸው በወጉ ሊያዩት አልቻሉም። የታየው በ2008 ገደማ፣ የጃፓኑ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኬኢኬ ከሚባለው የአገሪቱ የቅንጣት አፋጣኝ (አክስለሬተር) ቤተ ሙከራ ጋር ሆነው ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚውል ካሜራ ከሠሩ በኋላ ነው። (የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ከዚህ የማወጣው ክርክር አንድ ነው። በዚህ ዘርፍ ከታዩት ትልልቅ እርምጃዎች አንዱ የመጣው የማየት ዘዴን ከማረም ነው፤ ማየትም ዋጋ ያገኘው ከልኬት ጋር ሲታሰር ነው፤ ይህ ሙያ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ለሌለው አገር፣ ለእኛ ለኢትዮጵያም ጭምር፣ ክፍት የሆነ በር ነው።

ካቪቲ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማን በጨረር ይታከማሉ። ሕክምናው ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በኮባልት ማሽን ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ሊኒየር አክስለሬተር ገብቷል። የዚህ ማሽን ልብ ከመዳብ የተሠሩ ተደርድረው የተያያዙ ካቪቲዎች ናቸው። በውስጣቸው የሬዲዮ ሞገድ ይሞላል፤ ኤሌክትሮኑም ልክ ሞገዱ ወደፊት በሚገፋበት ቅጽበት እየደረሰ በየክፍሉ አንድ አንድ ግፊት ይቀበላል። ዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ጊዜውን ጠብቆ እንደሚገፋው መሆኑ ነው። መዳቡ ግን ሞገዱን በነፃ አይሸከምም፤ ከጉልበቱ ብዙውን ወደ ሙቀት እየለወጠ ይበላዋል። ለሆስፒታል ማሽን ይህ አይከብድም፤ ማሽኑ አጭር ነው፣ የሚሠራውም በቅጽበታዊ ምት ነው። ማሽኑ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝምና ምቱም ረጅም ሲሆን ግን የመብራት ሒሳቡ የማይቀመስ ይሆናል። ልዩነቱን በደወል ላስረዳ። በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ደወል የመዳብ ካቪቲ ያህል ጥራት ቢኖረው፣ አንዴ ተመትቶ ጉልበቱ ወደ ሲሶ ገደማ የሚወርደው በሦስት ሴኮንድ ተኩል ነው። የኒዮቢየም ካቪቲ ያህል ጥራት ቢኖረው ግን ለዚያው 40 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ሑዳዴ ሲያዝ የተደወለ ደወል ጾሙ ሊገባደድ ሲቃረብም ይሰማል ማለት ነው።

ይህን ተአምር የሚሠራው ልዕለ አስተላላፊነት ነው። በ1911 በሆላንድ ላይደን የፊዚክስ ሊቁ ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን በፈሳሽ ሂሊየም ሲያቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ድንገት ሲጠፋ አየ። ኒዮቢየም ወደዚህ ጠባይ የሚገባው ከፍጹማዊ ዜሮ 9 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው፤ ካቪቲዎቹ የሚሠሩት ደግሞ በ2 ዲግሪ ነው፤ ይህም ከዜሮ ሴንቲግሬድ በታች 271 መሆኑ ነው። በባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ ላይ ሌሊት የሚጥለው ውርጭ በዚህ ሚዛን እቶን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላርም አላልፍም። ብዙ መጻሕፍት ልዕለ አስተላላፊ ምንም መቋቋም የለውም ብለው ይደመድማሉ። ለቀጥተኛ ጅረት እውነት ነው፤ ለሬዲዮ ሞገድ ግን ጥቂት መቋቋም ይተርፋል፤ ካቪቲውም ስለዚህ ጥቂት ይሞቃል። ያች ጥቂት ሙቀት ደግሞ ውድ ናት፤ በ2 ዲግሪ የተፈጠረች አንዲት ዋት ሙቀት ጠርጎ ለማውጣት ከመስመር ወደ 1,000 ዋት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይጠፋል።

አሠራሩን ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። 3 ሚሊ ሜትር የማይሞላ የኒዮቢየም ዝርግ በቅርጽ ማውጫ ተጭኖ ቂጡ የተበሳ ሲኒ ይመስላል። ሁለት ሲኒዎች አፍ ላፍ ተገጥመው ሲበየዱ አንድ ክፍል ይሆናሉ፤ ዘጠኝ ክፍሎች ተቀጣጥለው ደግሞ እንደ ዶቃ ድርድር የሚመስለውን ካቪቲ ይሰጣሉ። በሰፊው ወገቡ 20 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ በጠባቡ አንገቱ 7 ሳንቲ ሜትር ነው። ብየዳው የሚካሄደው አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ በኤሌክትሮን ጨረር ነው፤ ኒዮቢየም ሲግል የአየሩን ጋዝ እየመጠጠ ይበላሻልና። ከዚያ በኋላ በአሲድ ይለሰልሳል፣ በምድጃ ይታመሳል፣ እጅግ በጠራ ውሃም በኃይለኛ ግፊት ይታጠባል። ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ሥራውን የሚሠራው የብረቱ ስስ ቆዳ ብቻ ነው። የሬዲዮ ሞገዱ ወደ ኒዮቢየሙ የሚዘልቀው 40 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ አንዲት የፀጉር ዘለላ ከዚህ ከ1,000 ጊዜ በላይ ትወፍራለች። ቀሪው ብረት ቅርጽ ለመያዝና ሙቀት ወደ ሂሊየሙ ለማሳለፍ ነው። ተፈጥሮ ደግሞ እዚህ ላይ ተንኮል አላት። የሞገዱ ማግኔታዊ መስክ የሚበረታው በክፍሉ ወገብ አካባቢ ነው፤ ብየዳው የተሰፋውም እዚያው ወገብ ላይ ነው። ስፌቱ የሚያሰጋበት ቦታና ጭነቱ እጅግ የሚበረታበት ቦታ አንድ ላይ ገጠሙ።

በብየዳው ዳርቻ፣ ብረቱ ግሎ በበረደበት ቀጠና፣ አንዳንድ ጊዜ ትንሽ ስርጉድ ወይም እብጠት ትቀራለች። የስርጉዷ ጠርዝ ሹል ከሆነ ማግኔታዊ መስኩ እዚያ ጠርዝ ላይ ይከማቻል፤ ወራጅ ውሃ ድንጋይ ሲያገኝ በዳር በኩል እንደሚፈጥን ማለት ነው። መስኩ ኒዮቢየሙ ከሚችለው ሲያልፍ ያች ጠርዝ ልዕለ አስተላላፊነቷን ታጣለች፤ ተራ ብረት ትሆናለች፤ ትሞቃለች። ሙቀቱ ጎረቤቷን ያሞቃል፣ ጎረቤቷም ተራ ብረት ይሆናል፣ እሱም በተራው ይሞቃል። በቅጽበት ጥፋቱ ይዛመትና በካቪቲው ውስጥ የተከማቸው ጉልበት በሙሉ ግድግዳው ላይ ይራገፋል። በሙያው ክዌንች ይሉታል። አንድ ሜትር የሚረዝም፣ በብዙ ድካም የተሠራ ዕቃ ዋጋውን የሚያጣው በዚያች አንዲት ጠርዝ ምክንያት ነው። በሃምቡርግ በ2017 ሥራ የጀመረው የአውሮፓ የኤክስሬይ ሌዘር 3.4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ 800 ያህል እንዲህ ያሉ ካቪቲዎች አሉበት። ጃፓን ውስጥ እንዲሠራ የታሰበው ዓለም አቀፍ የቅንጣት ማጋጫ ማሽን በመጀመሪያ ደረጃው ብቻ 8,000 ገደማ ይፈልጋል። ከዚህ ቁጥር ጥቂቱ እጅ እንኳ በስርጉድ ቢሰናከል ኪሳራው ከባድ ነው።

እንግዲህ ማየት ያስፈልጋል። ማየት ደግሞ እዚህ ላይ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነበር። አንገቱ 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሰው ራሱን አያስገባም፤ ካሜራው ከዚያ የቀጠነ መሆን አለበት። የሚያየው ግድግዳ ግን ከመሐል መስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ በጎን በኩል የተንጠለጠለ ነው። ከሁሉ የባሰው ችግር ደግሞ ልስላሴው ነው። በአሲድ የተወለወለ ኒዮቢየም መስታወት ነው፤ በመስታወት ዋሻ ውስጥ መብራት ይዞ የገባ ዓይን የሚያየው የመብራቱን ነጸብራቅ ነው እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ተራው ኢንዶስኮፕ የወደቀው በዚህ ነው፤ የሚነሣው ምስል እዚህ ጋ አንጸባራቂ፣ እዚያ ጋ ጥቁር እየሆነ ስርጉድና እብጠትን እንኳ ለመለየት ያስቸግር ነበር። የኪዮቶው ተመራማሪ ዮሺሂሳ ኢዋሺታና ባልደረቦቹ፣ የኬኢኬው ሂቶሺ ሃያኖም ጭምር፣ ያደረጉት መፍትሔ የሚያስደንቀው በርካሽነቱና በብልሃቱ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው በርሜል ውስጥ ካሜራውን አጋደሙት፤ ከፊቱ በ45 ዲግሪ የተጋደመ መስታወት አኖሩለት፤ እይታው ወደ ግድግዳው ታጠፈ። በበርሜሉ ላይ ደግሞ በተርታ የተደረደሩ ቀጫጭን የብርሃን ንጣፎች ለጠፉ፤ እያንዳንዱ ንጣፍ ለብቻው ይበራል፣ ለብቻው ይጠፋል። ካቪቲው በዘንጉ ላይ ይዞራል፤ ካሜራው ቆሞ ያያል።

የንጣፎቹ ነገር ትንሽ ያቆየን። ግድግዳው መስታወት ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ንጣፍ ነጸብራቅ የሚታየው ግድግዳው በትክክለኛው አንግል በተጋደመበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ግድግዳው ለጥ ያለ ቢሆን ነጸብራቁ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። ስርጉድ ካለ መስመሩ ይጠማዘዛል፤ ንጣፎቹን በየተራ ሲያበሩና ሲያጠፉ መስመሩ በስርጉዱ ላይ ይራመዳል። የትኛው ንጣፍ ሲበራ የትኛዋ ነጥብ እንደበራች ከታወቀ የዚያች ነጥብ ዘንበልታ ይታወቃል፤ የየነጥቡ ዘንበልታ ተደምሮ ጥልቀቱ ይወጣል። ያ ሲያውክ የነበረው ነጸብራቅ ራሱ መለኪያ ሆነ። የምስሉ ዝርዝር ወደ 10 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል፤ አንዲት የፀጉር ዘለላ በምስሉ ላይ ሰፋ ብላ ትታያለች ማለት ነው። በዚህ ውስጥ አዲስ ፊዚክስ የለም። መስታወት፣ ካሜራ፣ የሚበራና የሚጠፋ ንጣፍ፣ የአንግል ሒሳብ፤ ሁሉም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የማይርቁ ናቸው። አዲስ የነበረው ጥያቄውን በትክክል መጠየቅ ብቻ ነው።

ነገር ግን ካሜራው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምስሎቹ የሐሜት ምንጭ በሆኑ ነበር። የኒዮቢየም ሆድ ተቆጥሮ የማያልቅ ምልክት አለበት፤ የጠጣሩ ቅንጣቶች ድንበር፣ የአሲድ ዱካ፣ የውሃ ነጠብጣብ፣ ጭረት፣ የብየዳው ሞገድ። ከእነዚህ ሁሉ የቱ ነው ጥፋተኛው? ዓይን ሁልጊዜ ደማቁን ይከሳል፤ ደማቁ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ፍርዱን የሰጠው ሙቀት ነው። ካቪቲው በፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ሆኖ ሲፈተን በውጭ ቆዳው ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ የሙቀት መለኪያዎች ይለጠፋሉ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሞቀ ይመዘገባል። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ መንገድ አወጣ። በ2 ዲግሪ ሂሊየም ልዕለ ፈሳሽ ነው፤ ሙቀት በውስጡ እንደ ድምፅ ሞገድ ይጓዛል፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 20 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ክዌንቹ ሲነሣ ይህ የሙቀት ሞገድ በዙሪያው ወደተንጠለጠሉ ጥቂት አድማጭ መሣሪያዎች በተለያየ ሰዓት ይደርሳል፤ ከሰዓቱ ልዩነት የመነሻው ቦታ ይሰላል። ነጎድጓድ ከብልጭታው ስንት ሴኮንድ እንደዘገየ ቆጥሮ ርቀቱን የሚገምት እረኛ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እንግዲህ ካሜራው ሙቀቱ ወደ ጠቆመው ቦታ ሲላክ፣ ከ20 ሚሊዮን በታች በቆሙ በርከት ባሉ ካቪቲዎች ላይ፣ በብየዳው ዳርቻ ስርጉድ ወይም እብጠት ተገኘ። ዓይንና ቴርሞሜትር በየፊናቸው ወደ አንድ ነጥብ ሲጠቁሙ ያኔ ነው ክሱ የጸናው። ጥገናውም ተከተለ። ጃፓኖች ስርጉዱን በቦታው ሞረዱት፤ በአሜሪካው ፌርሚላብ ቤተ ሙከራ ደግሞ ካቪቲውን የማለስለሻ ድንጋይ ሞልተው በርሜል ውስጥ አሽከረከሩት፣ በሌዘርም ጠርዙን አቅልጠው አስተኙት። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ጥገናው አልነበረም። ፋብሪካው ብየዳውን እንዲያርም የሚያስገድድ ማስረጃ መገኘቱ ነበር።

አሁን ተቃውሞ ይነሣ። የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሙያው ውስጥ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህም ከባድ ነው። በሃምቡርጉ ማሽን 800 ካቪቲዎች ሲፈተኑ፣ ከታዩት ድክመቶች ብዙዎቹ የመጡት ከስርጉድ አልነበረም፤ ኤሌክትሮን ከሚረጭ የአቧራ ብናኝ ነበር። እንደገና በውሃ ታጥበው ብቻ ብዙዎቹ ተሻሉ፤ አማካይ ጉልበታቸውም በሜትር ከ28 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ወደ 30 ገደማ ከፍ አለ። ያንን ብናኝ ካሜራው አያየውም። ደግሞም ካቪቲው 30ን አልፎ ሲቆም ሙቀቱ ወደ ጠቆመው ቦታ የተላከ ካሜራ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያገኝ ይመለሳል፤ ግድግዳው ንጹሕ መስታወት ሆኖ ይታያል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም ካሜራው ሁሉን ያያል ብዬ አልከራከርም። ግን ተቃውሞውን በጥሞና እንየው። ካሜራው ባዶ እጁን ሲመለስ እንኳ አንድ ነገር ነግሮናል፤ ምክንያቱ የብየዳ ስህተት አይደለም፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ ብሏል። ሐኪም ጉሮሮውን አይቶ ንጹሕ ነው ሲል ሕመምተኛው ዋሸ ማለቱ አይደለም፤ ምርመራው ወደ ሳንባ ይሂድ ማለቱ ነው። ዓይን ያልደረሰበትን ወሰን በቁጥር ማወቅ ራሱ እውቀት ነው፤ ከ20 በታች ስርጉድ ፈልግ፣ ከ30 በላይ ኬሚስትሪውን ጠይቅ የሚለው ደንብ የተገኘው ካሜራው በሁለቱም በኩል ስለተሞከረ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለባሌ ገበሬ እንግዳ አይደለም። የስንዴ ዋግ ጉዳይ እኮ የገጽ ንባብ ነው። እዚሁ ባሌ ውስጥ፣ ከሮቤ ከተማ አጠገብ ያለው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ገናና ቦና በሚባሉት ሁለቱ የሰብል ወቅቶች ማሳ ገብተው ቅጠልና አገዳ እያዩ ከመቶ ስንት እጅ በዋግ እንደተሸፈነ ይመዘግባሉ፤ የኮብ መለኪያ የሚባለውን ሚዛን ይጠቀማሉ። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ሲፈጀው ገበሬው ዲገሉ ወደተባለው ዝርያ ዞረ፤ ዲገሉ ቢጫ ዋግን ይቋቋም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን ራሱን መታው። ከዚህ የምንማረው ለኒዮቢየሙም ይሠራል። ቅጠል ላይ ያለ ነጠብጣብ በራሱ ፍርድ አይደለም፤ ቢጫ ዋግ ነው፣ የግንድ ዋግ ነው፣ ወይስ የውርጭ ምች ነው? ዓይን የሰጠው ቁጥር ዋጋ የሚያገኘው ከምርት ልኬትና ከቤተ ሙከራ የዘር መለያ ጋር ሲገናኝ ነው። በዚህ አገር እንግዲህ የአንድን ገጽ ጠባሳ በሚዛን አንብቦ፣ መዝግቦ፣ ሌላ ሰው እንዲፈትሸው የማቅረብ ሙያ አለ። እንደ ሙያ ሳንቆጥረው ኖርን እንጂ፣ ከኪዮቶው ካሜራ ጋር የሚጋራው ሥርዓት ከሚለየው መሣሪያ ይበልጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአገር ፍቅር የሚመጣ ነው። ከገናሌ ማዶ በጉጂ ዞን ቀንጢቻ የሚባል ቦታ አለ፤ ታንታለምና ኒዮቢየም ያለበት ማዕድን ከዚያ ሲቆፈር ኖሯል፤ ከታጠበና ከተለየ በኋላም ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል። እንግዲህ ማዕድኑ በእጃችን እያለ ስለ ካሜራ ማውራት የተገለበጠ አይደለም ወይ፣ ኒዮቢየሙን ራሳችን ለምን አናጣራውም የሚሉ አሉ። ቁጭቱን እጋራለሁ፤ መፍትሔውን ግን አልቀበልም። እነዚህ ሁለት ብረቶች መንትዮች ናቸው። እንግሊዛዊው ቻርለስ ሃቸት በ1801 ኒዮቢየምን አግኝቶ ኮሎምቢየም ብሎት ነበር፤ ከታንታለም የተለየ መሆኑ ግን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆየ፤ በ1844 ጀርመናዊው ሃይንሪኽ ሮዘ ኒዮቢየም ብሎ የጠራው በግሪኮች ተረት የታንታሎስ ልጅ ኒዮቤ ስለነበረች ነው። ለካቪቲ የሚሆን ኒዮቢየም ውስጥ ከሚሊዮን ክፍል ከ500 በላይ ታንታለም ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል። ያንን ጥራት ለማግኘት ብረቱ በኤሌክትሮን ጨረር ደጋግሞ ይቀልጣል፤ ገበያውም ጠባብ ነው፤ የዓለምን ኒዮቢየም አብዛኛውን የምታወጣው ብራዚል ናት፤ ከዚያም ውስጥ ለካቪቲ የሚውለው ጥቂቱ ነው። ለዚህ ጠባብ ገበያ ማጣሪያ ማቋቋም ሀብትን ጉድጓድ ውስጥ መጣል ነው። ማዕድን ከመሬት በታች ስላለ ብቻ የሙያው ባለቤት አንሆንም። አፈሩን ሸጠን ብረቱን የሚያነብ ሰው ማፍራት ግን የምንችለው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ምርጫው ግልጽ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ በአደባባይ የማይነገር፣ በልብ የሚባል ነው፤ ሮቤ ውሃና መብራት ሲቆራረጥባት ስለ 2 ዲግሪ ሂሊየም ማውራት ቅንጦት ነው ይላል። እኔም ሮቤ ላይ ልዕለ አስተላላፊ አፋጣኝ እናቋቁም አላልሁም። ሰው የሚኖርባቸው አህጉራት ሁሉ የሲንክሮትሮን ብርሃን ማሽን የሚባል አፋጣኝ ሲኖራቸው የሌላት አፍሪካ ብቻ ናት፤ ያንን ለማስተካከል የሚጥሩ የአፍሪካ ፊዚክስ ሰዎች አሉ፤ ቢሳካላቸውም ማሽኑ ባሌ ላይ ይተከላል ብሎ የሚያልም የለም። እኔ የምለው ከዚያ ይቀርባል። የተዘጋ ነገርን ውስጡን በብርሃን አንብቦ መፍረድ ሙያ ነው፤ ወደ ሮቤ በሚበረው አውሮፕላን ሞተር ውስጥ የተርባይን ቅጠሎቹን ሳይፈቱ በቦሮስኮፕ የሚያይ ቴክኒሽያን፣ የሕመምተኛ ጨጓራ በኢንዶስኮፕ የሚያይ ሐኪም፣ የማሞቂያ ጋን ብየዳ የሚፈትሽ መሐንዲስ ሁሉም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ግን መስፈርቱን እጅግ ያጠበቀው፣ ዓይንን ከልኬት ጋር እንዲጋባ ያስገደደው፣ ካቪቲው ነው። ጥብቁን የተማረ ላላውን ለመሥራት አይቸገርም። የተገላቢጦሹ አይሠራም።

በመጨረሻ የሚነሣው ስለ ኮምፒዩተር ነው። ምስሉን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያነበዋል፣ የሰው ዓይን ለምን ይሠለጥናል ይባላል። ሃምቡርግ ውስጥ ካሜራው በማሽን ተይዞ የካቪቲውን ሆድ ከዳር እስከ ዳር በሺዎች በሚቆጠሩ ምስሎች ይቀርጸዋል፤ ኮምፒዩተር የቅንጣት ድንበሮቹን እየለካ ከካቪቲው ውጤት ጋር ያነጻጽራል። ጥሩ ሥራ ነው። ሆኖም ኮምፒዩተሩ የሚማረው ሰዎች ይህ ስርጉድ ጥፋተኛ ነው፣ ይህ ደግሞ ንጹሕ ነው ብለው ከፈረዱበት ምስል ነው፤ ፍርዱም ከሙቀት ልኬት የመጣ ነው። ክፉ ፍርድ የተማረ ኮምፒዩተር ስህተቱን በፍጥነት ይደጋግማል እንጂ አያርመውም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የሠለጠነውን ዓይን ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ በተለይም ምስልን ከልኬት ጋር አስማምቶ ምልክት የሚያደርግ ትዕግሥተኛ ሰው። ይህ ሥራ በኢንተርኔት መስመር በሩቅ የሚሠራ ነው፤ ሮቤ ላይ ያለ ሰውና ሃምቡርግ ላይ ያለ ሰው አንዱን ምስል እኩል ያዩታል።

ስለዚህ እዚሁ ሮቤ ላለው ለመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኮምፒዩተር ተማሪዎችና መምህራኖቻቸው የማቀርበው ጥያቄ ተጨባጭ ነው። ከብረታ ብረት ሱቅ ሰፊ የብረት ቧንቧ ግዙ፤ ውስጡን እስኪያበራ ወልውሉት። አንድ መምህር ብቻ በሚያውቀው ቦታ፣ በሚያውቀው ጥልቀት፣ ጥቂት ስርጉዶችና እብጠቶች ያኑርበት፤ ዓይን እንዲያታልሉ ጥቂት ጭረትና ነጠብጣብም ይጨምር። ትንሽ ካሜራ፣ በ45 ዲግሪ የተጋደመ መስታወት፣ በየተራ የሚበሩ የኤልኢዲ ንጣፎች፣ ቧንቧውን የሚያዞር ከአሮጌ ፕሪንተር የወጣ ሞተር ብታቀናጁ የኪዮቶውን ካሜራ ታናሽ ወንድም ሠራችሁ። በውጭ በኩል የሙቀት መለኪያዎች ለጥፉ፤ መምህሩ ደግሞ ከመረጣት አንዲት ስርጉድ ሥር ማሞቂያ ይደብቅ። ሁለት ቡድን ሁኑ፤ አንዱ ምስል ብቻ ይይ፣ ሌላው ሙቀት ብቻ ይለካ፤ ጥፋተኛዋን ስርጉድ፣ ቦታዋንና ጥልቀቷን እየጻፋችሁ በታሸገ ፖስታ አስቀምጡ። ከዚያ ሦስተኛ ቡድን ሁለቱን አገናኝቶ ይፍረድ። በመጨረሻ ቧንቧውን በመጋዝ ቁረጡትና ጥልቀቱን በቀጥታ ለኩ። ፖስታዎቹን የምትከፍቱት ያኔ ነው፤ የተሳሳተውንም ሳትደብቁ ከትክክለኛው እኩል አትሙት።